ዋና መስክ የሌለው ዲግሪ፦ በጄነራል ስተዲስ ለመመረቅ ምን ያስፈልጋል?

በአሜሪካ ኮሌጅ ገብተው፣ ክሬዲት ሰብስበው፣ ዲግሪ ሳይዙ የቀሩና ገና በሥራ ዕድሜ ላይ የሚገኙ ሰዎች ከ36 ሚሊዮን በላይ ናቸው። አሃዙን በ2024 ይፋ ያደረገው የአገሪቱን የኮሌጅ ምዝገባ መረጃ የሚሰበስበው ናሽናል ስቱደንት ክሊሪንግሃውስ ነው። ያቋረጡበት ምክንያት ይለያያል፤ ልጅ ተወልዶ፣ የሥራ ፈረቃ ተቀይሮ፣ ገንዘብ አልቆ፣ ከተማ ተለቅቆ። ለመጨረስ ሲመለሱ የሚሰሙት መልስ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ክሬዲትዎን ተቀብለነዋል፤ ለመረጡት መስክ ግን አያገለግልም።»

ይህ መልስ ብዙ ሰው ግራ ያጋባል። ተቀባይነት ያገኘ ክሬዲት እንዴት አያገለግልም? ምክንያቱ እንዲህ ነው። በነርሲንግ ወይም በአካውንቲንግ ዲግሪ ውስጥ ለተማሪው ነጻ ምርጫ የሚተወው ክሬዲት ጥቂት ነው፤ ቀሪው በስም ተዘርዝሮ የተቀመጠ ነው። አዲሱ ኮሌጅ የቆየውን ኮርስ «ነጻ ምርጫ» ብሎ ይመዘግበዋል፤ የነጻ ምርጫው ቦታ ግን አስቀድሞ ሞልቷል። ክሬዲቱ ትራንስክሪፕቱ ላይ ይታያል እንጂ ወደ ምርቃት አያስጠጋም። ከዚያ በፊት ደግሞ ጭራሽ ተቀባይነት የሚያጣ አለ። የፌዴራሉ ምክር ቤት የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2017 ባወጣው ጥናት፣ ከ2004 እስከ 2009 ኮሌጅ የቀየሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ የሚሆነውን ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል።

ጄነራል ስተዲስ የሚባለው የባችለር ዲግሪ ይህን አሠራር ይገለብጠዋል። ዋና መስክ ስለሌለው ወይም ስፋቱ ሰፊ ስለሆነ፣ የታሪኩም፣ የባዮሎጂውም፣ የቢዝነሱም ኮርስ ቦታ ያገኛል። ስሙ ከተቋም ተቋም ይለያያል፤ አንዱ ጋ ሊበራል ስተዲስ፣ ሌላው ጋ ኢንተርዲሲፕሊነሪ ወይም መልቲዲሲፕሊነሪ ስተዲስ ይባላል፣ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ሪጀንትስ ባችለር ኦፍ አርትስ። ሰዎች «ልቅ» ዲግሪ አድርገው ያስቡታል። ልቅ የሆነው ግን በትምህርት ዓይነት ብቻ ነው። በቁጥር ሲታይ እንደ ማንኛውም ዲግሪ ጥብቅ ነው፤ ተመዝጋቢዎችም የሚሰናከሉት በቁጥሩ ነው።

አራት ቁጥሮች ይወስናሉ። የመጀመሪያው ጠቅላላ ድምር ሲሆን በሴሚስተር ለሚያስተምሩ ተቋማት 120፣ በኳርተር፣ ማለትም ከሴሚስተር ባጠረ የትምህርት ጊዜ፣ ለሚያስተምሩ 180 ክሬዲት ነው። ሁለተኛው ጠቅላላ ትምህርት የሚባለው ክፍል ነው፤ ጽሑፍ፣ ሒሳብ፣ ተፈጥሮ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ሳይንስና ሰብዓዊ ጥናቶች ተደማምረው ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 45 ክሬዲት ይሆናሉ። ሦስተኛው በከፍተኛ ደረጃ ኮርሶች፣ ማለትም ቁጥራቸው በ300 እና በ400 በሚጀምሩት የሚሞላው ነው፤ በአብዛኛው ከ30 እስከ 45። አራተኛው ዲግሪውን ከሚሰጠው ተቋም ራሱ የግድ መወሰድ ያለበት ክሬዲት ሲሆን በብዛት 30 ነው። በዚህ ላይ 2.0 የማያንስ ጂፒኤ ይጨመራል። አዲሱ ተቋም ከሌላ ቦታ የሚቀበለው ክሬዲቱን እንጂ ውጤቱን ስላልሆነ፣ ጂፒኤው አብዛኛውን ጊዜ ከዜሮ ይጀምራል፤ ድሮ ለወደቀ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ሰው ሁሉ የሚቆጥረው የመጀመሪያውን ነው። «90 ክሬዲት አለኝ፣ 30 ይቀረኛል» ይላል። ሦስተኛውና አራተኛው ግን ዝም ብለው ይጠብቁታል።

ስሌቱን በአንድ ምሳሌ እንየው። አንዲት ተማሪ ከሦስት ኮሌጆች 82 ክሬዲት ይዛ ትመጣለች እንበል። ከሁለቱ ኮሌጆች የመጣው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ኮርስ በስም ቢለያይም ይዘቱ አንድ ነውና አንዱ ይሰረዛል፤ 3 ቀነሰ። ባለ 4 ክሬዲቱ የሒሳብ ማጠናከሪያ ኮርስ ከኮሌጅ ደረጃ በታች ስለሆነ ለዲግሪ አይቆጠርም። ሁለት ኮርሶች ዲ ያገኘችባቸው ናቸው፤ ተቋሙ ከሌላ ቦታ የሚመጣን ኮርስ የሚቀበለው ሲ እና ከዚያ በላይ ከሆነ ነውና 6 ሄደ። አንዱ ኮሌጅ በኳርተር ያስተምር ስለነበር ከዚያ የመጣው 15 ክሬዲት ለ1.5 ተካፍሎ 10 ይሆናል፤ 5 ተጨማሪ ጠፋ። ቀሪው 64 ነው። ከዚህ ውስጥ የከፍተኛ ደረጃ ኮርስ 6 ክሬዲት ብቻ ነው።

ተቋሙ 120 ጠቅላላ፣ 36 ከፍተኛ ደረጃ፣ 30 ከራሱ ይጠይቃል። እስከ 120 የሚቀራት 56 ነው። ከ56ቱ 30ው ከፍተኛ ደረጃ መሆን አለበት። ስለዚህ በዝቅተኛ ደረጃ ኮርሶች መሙላት የምትችለው 26 ክሬዲት ብቻ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ደግሞ ለጠቅላላ ትምህርት የጎደሏት ሒሳብ 3፣ ቤተ ሙከራ ያለው ሳይንስ 4 እና ሥነ ጥበብ 3 ይወጣሉ። በእውነት ነጻ የሆነው 16 ነው። በሴሚስተር 12 ክሬዲት ብትወስድ አምስት ሴሚስተር፣ 6 ብቻ ብትወስድ አሥር ሴሚስተር ያስፈልጋታል። ይህን ወረቀት ላይ አስፍሮ ማየት የሚፈጀው ግማሽ ሰዓት ነው። ብዙዎች ግን የሚያደርጉት ከሁለት ሴሚስተር ክፍያ በኋላ ነው።

የከፍተኛ ደረጃው ቁጥር ለምን ይከብዳል? ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም ከሁለት ዓመት ኮሌጅ የሚመጣ ክሬዲት በደንቡ ዝቅተኛ ደረጃ ነው፤ ይዘቱ ከአራት ዓመት ተቋም የ300 ኮርስ ጋር ቢመሳሰልም እንኳ ኮሌጁ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ደረጃ ያለፈ ቁጥር አይሰጥም። በፈተና የሚገኘውም አብዛኛው እንዲሁ ነው። ብዙ ተቋማት ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚቀበሉት ክሬዲት በ60 ወይም በ70 አካባቢ የሚገደበውም ለዚህ ነው። ሌላው ችግር ቅድመ ሁኔታ ነው። የ300 ደረጃ የኢኮኖሚክስ ኮርስ መግቢያዎቹን ሁለት ኮርሶች ይጠይቃል፤ ባለ 300 የሥነ ልቦና ኮርስ ስታቲስቲክስን ሊጠይቅ ይችላል። የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከራሳቸው ተማሪ ውጭ ላለ ሰው በኮርስ ብዛት ላይ ገደብ ማበጀታቸው የተለመደ ነው፤ መቀመጫም ቢሆን ቅድሚያ የሚሰጠው ለዋና መስኩ ተማሪ ነው። የጄነራል ስተዲስ ተማሪ ከምዝገባው የመጀመሪያ ቀን አንድ ሳምንት ዘግይቶ ቢመጣ የሚፈልገውን የማግኘት ዕድሉ ጠባብ ነው።

በትምህርት ዓይነት ነጻ የሆነው ዲግሪ በደረጃ ሲጠብቅ የሚታይበት ጥሩ ምሳሌ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያ የጄነራል ስተዲስ ተማሪ ከ120ው ክሬዲት 60ውን በ300 እና ከዚያ በላይ ደረጃ መውሰድ አለበት፤ ከ60ው ደግሞ ከአንድ የትምህርት ዘርፍ ከ20 በላይ አይቆጠርለትም። ዋና መስክ የለም ማለት በአንድ መስክ መከማቸትም አይፈቀድም ማለት ነው። የዌስት ቨርጂኒያው ሪጀንትስ ዲግሪ በሌላ ጎኑ ይለያል። የተዘጋጀው ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሱ አራት ዓመት ለሞላቸው ሰዎች ነው፤ ከመግባታቸው አራት ዓመትና ከዚያ በፊት ያገኙትን ኤፍ ከሒሳብ ያወጣላቸዋል፣ የሚጠይቀውም ከፍተኛ ደረጃ ክሬዲት 40 ገደማ ነው። በሃያ ዓመቱ የወደቀ ሰው በአርባ ዓመቱ ሲመለስ ይህ አንቀጽ ብቻውን የመመረቅና ያለመመረቅ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ወደ አራተኛው ቁጥር እንምጣ። ደንቡ «ከተቋሙ 30 ክሬዲት» ሲልና «የመጨረሻዎቹ 30 ክሬዲቶች ከተቋሙ» ሲል ሁለት የተለያየ ነገር ነው። በሁለተኛው ደንብ ሥር ያለ ተማሪ የመጨረሻውን ሴሚስተር ሌላ ኮሌጅ ሄዶ ርካሽ ኮርስ ቢወስድ ምርቃቱ ይቆማል። በፈተና የተገኘ ክሬዲትም ከዚህ ውስጥ አይገባም። በሌላ በኩል ጥሩ ዜና አለ፤ በምሳሌያችን ተማሪዋ 30ውን የከፍተኛ ደረጃ ክሬዲት ከተቋሙ ከወሰደች ሁለቱን ግዴታዎች በአንድ ጊዜ ትዘጋለች።

ይህ ቁጥር እጅግ ያነሰባቸው ሦስት የታወቁ ተቋማት አሉ፤ ሦስቱም የተመሠረቱት ለሚሠሩ አዋቂዎች ታስቦ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ኤክሴልሲየር በ1971፣ ቶማስ ኤዲሰን ስቴት በ1972፣ ቻርተር ኦክ ስቴት ኮሌጅ በ1973። ከየትም የተሰበሰበን ሕጋዊ ክሬዲት በብዛት ይቀበላሉ፤ ከራሳቸው የሚያስወስዱት በዋናነት መግቢያና ማጠቃለያ ኮርሶችን ነው። ካፕስቶን የሚባለው የማጠቃለያ ኮርስ ባለ 3 ክሬዲት ሲሆን ተማሪው አንድ ጥያቄ አንስቶ፣ ምንጭ አገላብጦ ረዘም ያለ የምርምር ጽሑፍ የሚያቀርብበት ነው። ክሬዲታቸውን በፈተናና በአጫጭር ኮርስ ጠርገው የመጡ ሰዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ምንጭ ጠቅሰው ረጅም ጽሑፍ ጽፈው አያውቁምና። ከካፕስቶኑ በፊት ቢያንስ አንድ ከባድ የጽሑፍ ሥራ ያለው የ300 ኮርስ መውሰድ ይበጃል።

ክሬዲትን በርካሽ ከሚያስገኙት መንገዶች ክሌፕ ቀዳሚው ነው። ኮሌጅ ቦርድ የሚያዘጋጃቸው 34 ፈተናዎች ሲሆኑ አብዛኞቹ 90 ደቂቃ ይፈጃሉ፣ ለእያንዳንዱ 100 ዶላር ገደማ ይከፈላል፤ በውትድርና ላይ ላሉ በነጻ ነው። ውጤቱ ከ20 እስከ 80 ይሰጣል። የአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤት የሚመክረው ማለፊያ ብዙውን ጊዜ 50 ነው፤ ተቋሙ ግን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። የወደቀ ሰው ያንኑ ፈተና ለመድገም ሦስት ወር መጠበቅ አለበት። ምክር ቤቱ የውትድርና ሥልጠናንና አንዳንድ የሥራ ቦታ ሥልጠናዎችንም ገምግሞ የክሬዲት ምክረ ሐሳብ ይሰጣል። የቋንቋ ችሎታም ክሬዲት ሊያስገኝ ይችላል፤ አክትፍል የሚባለው ድርጅት የቃል ችሎታ ፈተና ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ምክረ ሐሳብ ግን ምክረ ሐሳብ ነው፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ሬጅስትራሩ ነው። ስለዚህ የፈተና ክፍያ ከመፈጸም በፊት «ይህ ፈተና የትኛውን ጉድለቴን ይሞላል?» ብሎ በኢሜይል መጠየቅና መልሱን ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ምሳሌያችን ላይ እንመለስና፣ ተማሪዋ በፈተና 12 ክሬዲት ብታገኝ የሚቀራት 44 ስለሚሆን አንድ ሴሚስተር ትቆጥባለች። በርካሽነቱ ተገፋፍታ 40 ብትሰበስብስ? ዝቅተኛ ደረጃ የሚገባበት ቦታ 26 ብቻ ነበር። 64 እና 40 ሲደመር 104 ይሆናል፤ የግድ የሚጠበቅባት 30 የከፍተኛ ደረጃ ክሬዲት ሲጨመር 134። ለ14 ክሬዲት ያጠናችውና የከፈለችው በከንቱ ቀረ።

ከሌላ አገር ትራንስክሪፕት ይዞ ለሚመጣ ሰው አንድ ደረጃ ይጨመራል። ተቋማቱ በአብዛኛው የሚጠይቁት ናሴስ የተባለው የውጭ ትምህርት ማስረጃ ገምጋሚዎች ማኅበር አባል በሆነ ድርጅት የተሠራ ግምገማ ነው። ግምገማው ሁለት ዓይነት ነው፦ አንደኛው «ይህ ሰነድ ከዚህ ዲግሪ ጋር እኩል ነው» ብቻ የሚል፣ ሁለተኛው እያንዳንዱን ኮርስ ከክሬዲቱና ከውጤቱ ጋር የሚዘረዝር። ክሬዲት ለማዛወር የሚያገለግለው ሁለተኛው ነው፤ በርካሽነቱ የመጀመሪያውን ያሠራ ሰው ድጋሚ ይከፍላል። በሪፖርቱ ላይ ኮርሱ ከፍተኛ ወይም ዝቅተኛ ደረጃ መሆኑ መጻፉን ያረጋግጡ፤ የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ኮርሶች ሁሉ ደረጃቸው ሳይገለጽ ቀርቶ እንደ ዝቅተኛ የሚቆጠሩበት ጊዜ አለ። ይግባኝ ለማለት የሚረዳው የኮርሱ ዝርዝር መግለጫ ስለሆነ፣ ከቀድሞው ዩኒቨርሲቲ እሱንም አብሮ ማስመጣት ብልህነት ነው።

ገንዘቡም የራሱ ቁጥሮች አሉት። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪዎች የሚሰጠው፣ የማይመለሰው የፌዴራሉ ድጋፍ ፔል ግራንት ለ2025–26 ጣሪያው 7,395 ዶላር ሲሆን አንድ ሰው በሕይወቱ ከ12 የሙሉ ጊዜ ሴሚስተር በላይ አይሰጠውም። ከዚያ በላይ የሚያጠምደው የትምህርት ሂደት መለኪያው ነው። ባለ 120 ክሬዲት ፕሮግራም ውስጥ ያለ ተማሪ የሞከረው ክሬዲት ከ150 በመቶው፣ ማለትም ከ180 ካለፈ ድጋፉ ይቋረጣል፤ ተቋሙ ከሌላ ቦታ የተቀበለው ክሬዲትም አብሮ ይቆጠራል። ብዙ ጊዜ መስክ ለቀየረ ሰው ጄነራል ስተዲስ ጥቅሙ እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል፤ የፌዴራል ድጋፍ የሚከፍለው ለዲግሪው ለሚቆጠር ኮርስ ስለሆነና እዚህ ነጻ ምርጫው ሰፊ ስለሆነ። አሠሪም ለትምህርት በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከግብር ነጻ ሊሸፍን ይችላል፤ አንዳንድ አሠሪዎች ግን ትምህርቱ ከሥራው ጋር እንዲገናኝ ስለሚሹ የሰው ኃይል ክፍሉን አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል።

የቀድሞ ኮሌጅ ዕዳ ካለ ትራንስክሪፕት ሊያዝ ይችላል። ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክን የመሳሰሉ ስቴቶች ይህን በሕግ ከልክለዋል፤ ስለዚህ «አንሰጥም» የተባለ ሰው የቀድሞ ኮሌጁ ያለበትን ስቴት ሕግ ይመልከት።

አሁን ወቅታዊ የሆነ አንድ ጉዳይ አለ። በጁላይ 2025 የጸደቀው የፌዴራል ሕግ ከጁላይ 2026 ጀምሮ ፕሮግራሞችን በተመራቂዎቻቸው ገቢ ይመዝናል። የአንድ የባችለር ፕሮግራም ተመራቂዎች ሚዲያን ገቢ (ግማሾቹ ከሱ በላይ፣ ግማሾቹ ከሱ በታች የሚያገኙበት) ከሁለተኛ ደረጃ ጨራሾች ገቢ በታች ሆኖ ከሦስት ዓመት በሁለቱ ከተገኘ፣ ፕሮግራሙ የፌዴራል ተማሪ ብድር የመስጠት መብቱን ያጣል። በሙያ ስም ያልተሰየመ ዲግሪ የሚሰጡ ተቋማት ይህን በቅርብ መከታተል አለባቸው። ተማሪውም ቢሆን ከመመዝገቡ በፊት የትምህርት ሚኒስቴሩ ኮሌጅ ስኮርካርድ በተባለው ድረ ገጽ ላይ የዚያኑ ፕሮግራም ተመራቂዎች ገቢ መመልከት ይችላል።

ዲግሪው የት ያደርሳል የሚለውን ደግሞ ሳይሸፋፍኑ መናገር ይገባል። «ማንኛውም የባችለር ዲግሪ» የሚል ማስታወቂያ ሁሉ ይከፈትለታል። በፌዴራል መንግሥት ብዙ የሥራ መደቦች ባችለር ዲግሪ ያለው ሰው ጂኤስ በሚባለው የፌዴራል የደመወዝ እርከን በጂኤስ 5 ደረጃ ሊገባ ይችላል፤ ጂፒኤው 3.0 ከደረሰ ጂኤስ 7 የሚጠየቅበት መንገድ አለ። በማኅበራዊ ሥራ ወይም በቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ፣ በሕግ ትምህርት ቤትም በዋና መስክ የተነሳ በር አይዘጋም። ነገር ግን ነርስ፣ መሐንዲስ ወይም በባችለር ደረጃ ማኅበራዊ ሠራተኛ አያደርግም፤ እነዚህ ፈቃድ የሚሹ ሙያዎች የጸደቀ ፕሮግራም ይጠይቃሉ። የፌዴራል የሒሳብ ባለሙያ መደብ እንኳ 24 የአካውንቲንግ ክሬዲት ይፈልጋል። እዚህ ላይ ግን ልብ ያለ ሰው መንገድ ያገኛል፦ የጄነራል ስተዲስ ተማሪ ነጻ ምርጫዎቹን ሳይበትን 24ቱን በአካውንቲንግ ቢሞላ መደቡ የሚጠይቀውን የአካውንቲንግ ክሬዲት ይዞ ይወጣል። ነጻ ክሬዲትን ቀላል መስሎ በታየው ኮርስ ሁሉ መበተን የዚህ ዲግሪ ትልቁ ብክነት ነው። ከ15 እስከ 18 ክሬዲት በአንድ አቅጣጫ ከተሰበሰበ ማይነር፣ ማለትም ንዑስ መስክ ሊሆን ይችላል፤ ትራንስክሪፕቱ ላይም በስሙ ይሰፍራል።

የጊዜ ስሌት ሳይነሳ መታለፍ የለበትም። በፌዴራሉ ትርጉም አንድ ክሬዲት ማለት ለ15 ሳምንት ያህል በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ትምህርትና ቢያንስ ሁለት ሰዓት የግል ሥራ ነው። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በሳምንት 9 ሰዓት፣ በድምሩ 135 ሰዓት ይሆናል። ያው ኮርስ በ8 ሳምንት ሲሰጥ በሳምንት ወደ 17 ሰዓት ይጠጋል። ሙሉ ቀን የሚሠራ ሰው «አጭር ነው» ብሎ ሁለት ባለ 8 ሳምንት ኮርስ በአንድ ላይ ሲይዝ 34 ሰዓት ተጨማሪ ሥራ መቀበሉ ነው። ብዙ ጎበዝ ሰዎች የሚያቋርጡት በዚህ ነው፤ ያቋረጡት ኮርስ ደግሞ በዚያው በ180ው ውስጥ «የተሞከረ» ተብሎ ይቆጠራል።

ከመመዝገብዎ በፊት የተቋሙ እውቅና በትምህርት ሚኒስቴሩ የመረጃ ቋት ውስጥ መኖሩን ይዩ። ቀጥሎም ከተቀበሏቸው ክሬዲቶች ዝርዝር ጋር የዲግሪ ኦዲት፣ ማለትም የትኛው ግዴታ እንደሞላና የትኛው እንደቀረ የሚያሳይ ሰነድ፣ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ «ገምግመን እናሳውቅዎታለን፣ እስከዚያ ይመዝገቡ» ከተባሉ ግምገማውን ይጠብቁ። የገቡበትን ዓመት ካታሎግ፣ ማለትም የተቋሙን የደንብና የኮርስ መጽሐፍ፣ ቅጂም ያስቀምጡ፤ ደንቡ መሃል ላይ ቢቀየር መብትዎ የሚለካው በእሱ ነው። በመጨረሻው ሴሚስተር የምርቃት ማመልከቻ የሚገባበት ቀን ከፈተናው በጣም ቀድሞ ነው፤ የቆየ የሌላ ኮሌጅ ትራንስክሪፕት ሳይደርስ ቢቀር፣ 120ው ሞልቶም የዲግሪው ቀን ወደ ቀጣዩ ሴሚስተር ይገፋል። ስለዚህ ኦዲቱ ላይ «በመጠባበቅ ላይ» የሚል መስመር ካለ ማመልከቻውን ከማስገባትዎ በፊት ሬጅስትራሩ እንዲዘጋው ያድርጉ።